የ60ዎቹ የስለላ ፊልም ፌዞች፦ ዛሬም የሚያስቁት የትኞቹ ናቸው? ለምን?

ቀዩ ካሴት (ውይይቱን የጀመረው)

ሰላም ለዚህ ቤት! ሰሞኑን ማታ ማታ የ1960ዎቹን የስለላ ኮሜዲዎች እያየሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንዱ ተነስቶ እንዳይሟገተኝ ከወዲሁ ልናገር። በጄምስ ቦንድ ላይ ለማሾፍ የተሠሩትን ማለቴ ነው። አንዳንዶቹ አሁንም በሳቅ ይገድላሉ። አንዳንዶቹን ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ መታገስ አቃተኝ። ልዩነቱ ምን ይሆን ብዬ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ታየኝ። እስቲ ልወርውረውና ተቹት።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ። «ዶክተር ኖ» ለንደን ላይ የተመረቀው በኦክቶበር 1962 ነው። በዚያው ወር በኩባ ሚሳይል የተነሳ ዓለም አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት። ሰው ፈርቶ ነበር። ሁሉን ነገር ብቻውን የሚያስተካክል፣ ሱፉ የማይጨማደድ ሰውዬ ሲያገኝ ደስ አለው። በ1964 «ጎልድፊንገር» ሲወጣ ነገሩ እብደት ሆነ። እያንዳንዱ ስቱዲዮ የራሱ ሰላይ አማረው። ቦንድን በቁም ነገር መቅዳት ውድ ነው። ማሾፍ ግን ይረክሳል። እንግሊዞች በዚያው በ1964 «ኬሪ ኦን ስፓይንግ»ን በጥቁርና ነጭ ሠሩ። አሜሪካኖች በ1965 «ጌት ስማርት»ን በቴሌቪዥን ጀመሩ። በ1966 ጄምስ ኮበርን ፍሊንትን፣ ዲን ማርቲን ማት ሄልምን ሆነው መጡ። በ1967 «ካሲኖ ሮያል» ተከተለ። ጣሊያኖቹን አልቆጠርኩም፤ እነሱ ተቆጥረው አያልቁም።

የኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። በሰላዩ ላይ ብቻ ያሾፉት አርጅተዋል። በሰላዩ መሥሪያ ቤት ላይ ያሾፉት ግን አላረጁም።

«ጌት ስማርት»ን ውሰዱ። ሜል ብሩክስና ባክ ሄንሪ ናቸው የፈጠሩት። ኤቢሲ «ይሄ አሜሪካዊነት የጎደለው ነው» ብሎ መለሰው፤ ኤንቢሲ ወሰደው። እስከ 1970 ድረስ 138 ክፍል ሄደ። ጀግናው ማክስዌል ስማርት ጫማው ውስጥ ስልክ አለ። ገና በመጀመሪያው ክፍል፣ ኮንሰርት ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ጫማው ይጮኻል። ያኔ የማይሆን ነገር ስለሆነ ሳቁበት። እኛ ደግሞ በየስብሰባው ስለሚደርስብን እንስቃለን።

ለኔ ግን ከጫማው የሚበልጠው ምስጢር ለማውራት ከጣሪያ የሚወርደው የፕላስቲክ ክዳን ነው። ስማርት «ደንብ ነው፣ ካልወረደ አልናገርም» ይላል። አለቃው «እባክህ ይቅርብን» እያለ ይለምናል። ክዳኑ ይወርዳል። ከዚያ ሁለቱ አይሰማሙም። «ምን አልክ?» «ምን?» እያሉ ይጯጯሃሉ። እስቲ አሁን ይሄ የሰላይ ቀልድ ነው? የቢሮ ቀልድ ነው እንጂ። ደንቡ ስላለ ብቻ የሚወርድ፣ ማንንም የማይጠቅም ዕቃ። የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ ንገሩኝ፤ ነገ ማመልከቻ አስገባለሁ።

ጠላቶቻቸው ካኦስ የሚባሉትም እንደዚያው ናቸው። ዓለምን ሊያጠፋ የተነሳ የክፋት ማኅበር፣ ግብር እንዲቀንስለት ደላዌር ግዛት ተመዝግቦ ይሠራል። ሞግቱኝ።


የሲኒማ ልጅ

ኧረ ተው ቀዩ! «ካሲኖ ሮያል»ን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ታልፈዋለህ? ከፊልሙ ይልቅ የአሠራሩ ታሪክ ነው ኮሜዲው።

የቦንድ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ የመጀመሪያ መጽሐፉን፣ የ«ካሲኖ ሮያል»ን፣ የፊልም መብት በ1955 ግሪጎሪ ራቶፍ ለሚባል ሰው በ6 ሺህ ዶላር ሸጠው። ራቶፍ ሞተ። መብቱ ዞሮ ቻርለስ ፌልድማን የሚባል ፕሮዲዩሰር እጅ ገባ። በኋላ የቦንድ ፊልሞች ፕሮዲዩሰሮች እነ ብሮኮሊ የቦንድን መጻሕፍት ሲሰበስቡ ይቺ አንዷ አመለጠቻቸው። ፌልድማን መጽሐፉ አለው፣ ቦንድን የሚጫወተው ሾን ኮነሪ ግን የለውም። ታዲያ ያለ ኮነሪ ቦንድ ሠርቶ ማን ሊያይለት? ስለዚህ ወደ ፌዝ ዞረ።

ከዚያ ጉዱ ተጀመረ። ስማቸው የተጻፈላቸው ዳይሬክተሮች ብቻ አምስት ናቸው። ሦስት ስቱዲዮ ተከራየ። ወጪው 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ለጊዜው ትልቅ ብር ነው። ፒተር ሴለርስና ኦርሰን ዌልስ አንድ የቁማር ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ታያቸዋለህ አይደል? ተኳርፈው ስለነበር አብዛኛውን የተቀረጹት ለየብቻ ነው። ሴለርስ ጭራሽ ሳይጨርስ ጥሎ ሄደ። ቀዳዳውን በምን ይድፈኑት? በሌሎች ቦንዶች! ዴቪድ ኒቨን ጡረታ የወጣውን «እውነተኛውን» ቦንድ ሆኖ ይመጣና ጠላትን ለማደናገር ሁሉም ሰላይ ጄምስ ቦንድ ተብሎ ይጠራ ብሎ ያዛል። እኔ ይሄን ትእዛዝ ባየሁት ቁጥር የጨነቀው ፕሮዲዩሰር ነው የሚታየኝ።

መጨረሻው ላይ ካውቦይ ይገባል፣ በፓራሹት የሚወርድ አለ፣ ሁሉም ተያይዞ ይፈነዳል። ፊልም አይደለም፣ ሰርግ ላይ የተነሳ ጠብ ነው። ግን የበርት ባካራክ ሙዚቃ! ደስቲ ስፕሪንግፊልድ «ዘ ሉክ ኦፍ ላቭ»ን የዘፈነችው እዚያ ነው። ለኦስካር ታጭቷል። ልብሱ፣ ቀለሙ፣ የቤቱ ዕቃ፣ ሁሉም ዓይን ይይዛል። ስለዚህ ንድፈ ሐሳብህን አልቀበልም። ከ60ዎቹ ፌዝ የተረፈው ቀልዱ አይደለም። የተረፈው መልኩና ድምፁ ነው።


ቀዩ ካሴት

ሙዚቃውን ማን ነካው? ሙዚቃውንማ ሬዲዮ ላይ መስማት ይቻላል። ሁለት ሰዓት ከምናምን ቁጭ ብዬ ለምን እቀጣለሁ?


ወለላ

እኔ ደግሞ ሁለታችሁም የዘለላችሁትን ላንሳ። ሴቶቹስ?

የዲን ማርቲን ማት ሄልም አራት ፊልም አለው። ዶናልድ ሃሚልተን የጻፋቸው መጻሕፍት ቀልድ የለባቸውም፤ ጨለም ያሉ ቁም ነገረኛ ልብ ወለዶች ናቸው። ፊልሙ ግን ስሙን ብቻ ወስዶ የቀረውን ጣለው። ፕሮዲዩሰሩ ኢርቪንግ አለን ቀድሞ የብሮኮሊ ሸሪክ ነበር። ብሮኮሊ የቦንድን መጻሕፍት ሲፈልግ አለን «ይሄ የትም አይደርስም» ብሎ ናቀ። ተለያዩ። ቦንድ ሚሊዮኖችን ሲያፍስ ሲያይ ጊዜ ነው በማት ሄልም የመጣው። ቁጭት መሆኑ ያስታውቃል።

በ«ዘ ሳይለንሰርስ» መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ክብ አልጋ ላይ ተኝቷል። አልጋው ራሱ ተንሸራትቶ የዋና ገንዳ በሚያህል መታጠቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ይሄ ያስቃል፣ አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ሴት ትገባለች፣ ልብሷን ታወልቃለች፣ ትወጣለች። ሌላዋ ትገባለች። በቦንድ ላይ እያሾፍን ነው ይላሉ፤ የቦንድን ነገር እጥፍ አድርጎ መሥራት ግን ማሾፍ አይደለም።

ከአራቱ የመጨረሻውን፣ «ዘ ሬኪንግ ክሩ»ን፣ አንድ ጊዜ ለማየት የሚያበቃ ምክንያት አለ። ሻሮን ቴት ነች። የሚወድቅ የሚሰበር የማይጠፋባት፣ መነጽር ያደረገች ሰላይ ሆና ትጫወታለች። ከዲን ማርቲን የበለጠ ታስቃለች። የድብድቡን ትምህርት የሰጣቸው ብሩስ ሊ ነው። ዳይሬክተሩ ታራንቲኖ በ2019ኙ ፊልሙ ውስጥ ቴትን የምትጫወተው ተዋናይት ሲኒማ ቤት ገብታ ሰው ሲስቅላት የምታየው ይሄንኑ ፊልም ነው፤ መጋረጃው ላይ የሚታየውም የእውነተኛዋ የሻሮን ቴት ቅጂ ነው።

«ጌት ስማርት» ያላረጀበትን ምክንያት ቀዩ በቢሮው አሳበበ። እኔ በ99፣ በስማርት ባልደረባ ሰላይ፣ ነው የምለው። ባርባራ ፌልደን። ስሟ እንኳን አይነገርም፤ ቁጥር ብቻ ነች። ግን ሥራውን የምትሠራው እሷ ነች። እሱ ይሳሳታል፣ እሷ ታስተካክላለች፣ ምስጋናውን እሱ ይወስዳል። ተጋቡ፣ መንታ ወለዱ፣ ሥራዋን አልተወችም። ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ትንሽ ነገር አልነበረም። ስማርትን ከሚጫወተው ከዶን አዳምስ ትንሽ ትረዝም ስለነበር ደግሞ ካሜራ ፊት ጎንበስ ትል ነበር ይባላል። ይሄንን ያላየች የቢሮ ሴት አለች?


ነገረኛው

ወለላ ጨረሰችው። እኔ ፈንድሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ ቀጥሉ።


አዛውንቱ ተመልካች

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ፌዝ የምትሉት ከእውነቱ ያን ያህል የራቀ አልነበረም።

ኬኔዲ የሚወዳቸውን መጻሕፍት በ1961 «ላይፍ» መጽሔት ሲያወጣ የፍሌሚንግ አንዱ መጽሐፍ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፍሌሚንግ ራሱ ኬኔዲ ቤት እራት ተጋብዞ ነበር። ስለ ካስትሮ ወሬ ተነሳ። ፍሌሚንግ እየቀለደ፣ «ጢም ውስጥ የጨረር መርዝ ይገባል የሚል ወረቀት ከአውሮፕላን በትኑ፤ ኩባዎቹ ጢማቸውን ይላጩና አብዮቱም ያበቃል» አለ። ሰው ሳቀ።

በ1975 የአሜሪካ ሴኔት በሴናተር ቸርች የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ የስለላ ድርጅቶቹን ገመና አወጣ። ምን ተገኘ? ሲአይኤ ካስትሮ ጫማው ላይ ዱቄት ነስንሶ ጢሙን ሊያራግፍ አስቦ ነበር። መርዝ የተቀባ ሲጋር ነበር። ካስትሮ ባሕር መጥለቅ ስለሚወድ የሚፈነዳ ዛጎል ታስቦ ነበር። ድመት ሰውነት ውስጥ ማይክሮፎንና የሬዲዮ ማስተላለፊያ ቀብረው ለስለላ ሊያሰማሩ የሞከሩትም በዚያው በ60ዎቹ ነው፤ ሰነዱ በ2001 ይፋ ሆኗል። እነ ሜል ብሩክስ ይሄን ቢጽፉት «አበዛችሁት» ይባሉ ነበር።

አንድ የቅርብ ነገርም አለ። ፍሊንትና ስማርት በሲጋራ መለኰሻና በጫማ ሲሰልሉ፣ እውነተኛው ስለላ አስመራ ላይ ነበር። ቃኘው ጣቢያን ማለቴ ነው። በ1953ቱ ስምምነት አሜሪካኖቹ የያዙት፣ በ1977 የተዘጋው። ከፍታው ለሬዲዮ ይመች ነበር። ትልቁ ሳህን አንቴና ስፋቱ 150 ጫማ ነበር፤ ሶቪየቶች ወደ ጠፈር የሚልኩትን ያዳምጥ ነበር። እዚያ የነበሩት ሰላዮች ሽጉጥ አልታጠቁም። ጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ በፈረቃ እየገቡ፣ ወረቀት ይሞላሉ። ሻይ ሰዓት ሲደርስ ይወጣሉ። ቀዩ፣ የቢሮ ቀልድ ነው ያልከው ለዚህ ነው ልክ የሆነው።


ቀዩ ካሴት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሲጋራ መለኰሻውን ስላነሱት፣ ፍሊንት አለቃው ሽጉጥና ሻንጣ ሊሰጠው ሲል አልፈልግም ይላል። የራሱ መለኰሻ 82 አገልግሎት አለው። ሲጋር መለኰስ ከተጨመረ 83። ፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የምወዳት መስመር እሷ ነች። ዕቃው ስንት ነገር እንደሚሠራ ይቆጠራል እንጂ ማን ይጠቀምበታል? ዛሬ ስልክ ስንገዛ ሻጩ የሚደረድርልንን አስቡት።


የፕራግ ተማሪ

እኔ የተማርኩት ቼኮዝሎቫኪያ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ያለውን የማላነሳበት ምክንያት የለም። እናንተ ፌዝ የምዕራቡ ብቻ አድርጋችሁታል።

በ1967 ቫትስላቭ ቮርሊቼክ የሚባል ዳይሬክተር አንድ ፊልም ሠራ። ርዕሱ ብቻ ያስቃል፤ «የወኪል ደብልዩ4ሲ ፍጻሜ በአቶ ፎውስትካ ውሻ አማካይነት» ነው። ደብልዩ4ሲ የምዕራቡ ሱፐር ሰላይ ነው። ቆንጆ፣ ፈጣን፣ ሴት የማያልፈው። የተሰጠው መሣሪያ የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ነው። ውስጡ ሽጉጥ አለ፣ ጩቤ አለ፣ ትንሽ አቶሚክ ቦምብም አለ። ተልእኮው አንድ የጨው ዕቃ ማግኘት ነው፤ ፕላኔቷን ቬነስን ለጦር የመጠቀም ዕቅድ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

የቼክ ምስጢራዊ አገልግሎት ማንን ላከበት? የሂሳብ ሠራተኛውን! አቶ ፎውስትካ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ውሻውን ይዞ ይሄዳል። ምን እንደሚሆን ርዕሱ ነግሯችኋል። ቀዩ፣ ይሄ ላንተ ነው። የምዕራቡን ጀግና ያሸነፈው የምሥራቁ ጀግና አይደለም። ሂሳብ ክፍሉ ነው።

ሞስኮም በዚያው ዓመት «ሽፒዮንስኪዬ ስትራስቲ» የሚባል አጭር የካርቱን ፊልም ወጣ፤ የየፊም ጋምቡርግ ሥራ ነው። የውጭ ሰላዮች ሶቪየት ኅብረት የሠራችውን አዲስ ወንበር ሊሰርቁ ይመጣሉ። የምን ወንበር? የጥርስ ሐኪም ወንበር። የሚያሾፈው በቦንድ አይደለም። በየሲኒማ ቤቱ ይታይ በነበረው በራሳቸው «ጠላት ሰርጎ ገብቷል፣ ንቁ!» ፊልም ነው። በቦንድ ማሾፍ ለእነሱ ምንም አያስከፍልም ነበር። በራስ ጥርጣሬ ላይ ማሾፍ ግን ድፍረት ይጠይቃል።


ዝምተኛው

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ይቺን ካላነሳሁ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። «ዘ ፕሬዚደንትስ አናሊስት»፣ 1967፣ ቴዎዶር ፍሊከር ጽፎ ያዘጋጀው። እስካሁን ማንም አላነሳውም!

ያው ጄምስ ኮበርን ነው፤ ግን አሁን ፍሊንት አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ነው። የአሜሪካ ፕሬዚደንት ጭንቀቱን የሚነግረው ለሱ ነው። ሐኪሙ የሰማውን ለማንም መናገር አይችልም። ቀስ በቀስ እሱ ራሱ መጨነቅ ይጀምራል። ይሸሻል። ከዚያ የዓለም ሰላይ ሁሉ ይከተለዋል፤ አንዳንዱ ሊይዘው፣ አንዳንዱ ሊገድለው። የገዛ አገሩ ሰዎችም አሉበት። የአሜሪካው ሰላይና የሩሲያው ሰላይ ደግሞ የልብ ጓደኞች ናቸው። ሲገናኙ ስለ ቤተሰብ ያወራሉ።

ኤፍቢአይና ሲአይኤ በእውነተኛ ስማቸው ሊጠሩ ነበር። ግፊት ስለመጣ ኤፍቢአር እና ሲኢኤ ተባሉ። ማን እንደሆኑ ግን ሕፃንም ያውቃል።

የመጨረሻው ጠላት ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያላየ ይዝለል። ስልክ ድርጅቱ ነው። ሶቪየት አይደለም፣ ቻይና አይደለም፣ ደሴት ላይ ድመት የሚያሻሽ ሰውዬም አይደለም። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ስልክ ማለት በተግባር አንድ ድርጅት ነበር፤ በ1984 ነው የተከፋፈለው። ዕቅዳቸው እያንዳንዱ ሰው አእምሮ ውስጥ ትንሽ መገናኛ መትከል ነው። ሰው ሁሉ ከመወለዱ ጀምሮ ስም ሳይሆን ቁጥር ይኖረዋል። ይሄንን የሚያስረዳው ሰውዬ ፈገግታው ልክ እንደ ማስታወቂያ ነው።

አንድ ስልክ ድርጅት ብቻ ባለበት ዘመን የኖረ ሰው ይሄን ፊልም ሲያይ እንዴት እንደሚስቅ ለዚህ ቤት ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለኔ ከ60ዎቹ ሁሉ አንደኛው ይሄ ነው። ቀዩ ቢሮ አለ፤ እኔ ከቢሮም ከፍ አድርጌዋለሁ። የሚሰልለን ማን ነው ብሎ የጠየቀ ብቸኛው እሱ ነው።


ሰፈር ቪዲዮ

ጎበዞች፣ ሁላችሁም ምሁር ሆናችሁብኝ። እኔ የስለላ ፌዝ የማውቀው በጆኒ ኢንግሊሽ ነው። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ቤንች ላይ ተጠጋግተን፣ ግማሹን ሳንሰማ። ሚስተር ቢን ሰላይ ሆነ ብለው ጠርተውን ነው የገባነው። ሮዋን አትኪንሰን እንግሊዝኛ ባይገባህም ያስቅሃል፤ ፊቱ ይበቃል። በኋላ ሳጣራ የጆኒ ኢንግሊሽ ሐሳብ የመጣው ሰውዬው ለባንክ ካርድ ከሠራቸው ማስታወቂያዎች ነው። ከ2003 እስከ 2018 ሦስት ፊልም ወጣው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጆኒ ኢንግሊሽ ከ«ጌት ስማርት» ምን አዲስ ነገር አመጣ? ያው ራሱን ጀግና አድርጎ የሚያይ ደደብ ነው። ያው በስተጀርባው የሚያስተካክልለት ሰው አለ። ያው ሳያውቀው ያሸንፋል። ዶን አዳምስ ራሱ በኋላ ለካርቱኑ መርማሪ ለኢንስፔክተር ጋጄት ድምፅ ሰጥቷል፤ እዚያም ልጅቷና ውሻው ሥራውን ይሠራሉ፣ እሱ ይመሰገናል። አንድ ቀልድ 60 ዓመት ሙሉ እየተገለበጠ ሲሸጥ ማንም አልሰለቸውም። እኔም አልሰለቸኝም፣ እውነቱን ለመናገር።


የሲኒማ ልጅ

ሰፈር ቪዲዮ፣ ጥሩ በር ከፈትክልኝ። ቀዩ፣ አሁን ቁጭ በልና ስማኝ።

የኮሜዲያኑ የማይክ ማየርስ አባት በ1991 ሞቱ። ወላጆቹ ከሊቨርፑል የመጡ ናቸው፤ የእንግሊዝን ኮሜዲ ያስለመዱት አባቱ ነበሩ። ከሐዘኑ በኋላ አንድ ቀን መኪና እየነዳ ሬዲዮ ላይ ዘፈን ሰማ። የትኛውን? «ዘ ሉክ ኦፍ ላቭ»ን! «ካሲኖ ሮያል» ውስጥ ያለውን! ኦስቲን ፓወርስ የሚባለው የስለላ ፌዙ የተወለደው ከዚያ ነው፤ ሰውዬው በራሱ አንደበት ያወራው ታሪክ ነው። የፍሊንትን የስልክ ጥሪ ድምፅ ሳይቀር ወስዶ ተጠቅሞበታል። የመጀመሪያው ፊልም በ1997 ሲወጣ መጠነኛ ነበር። የ1999ኙ ግን አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ብቻ የፊተኛውን ሙሉ ገቢ በለጠው።

ከዚያስ? የፊልሙ ክፉ ሰው ዶክተር ኢቭል ትንሽ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ከሳቀ በኋላ ራሰ በራ ክፉ ሰው በቁም ነገር ማሳየት የማይቻል ሆነ። በኋላ ቦንድን የተጫወተው ዳንኤል ክሬግ ራሱ ይሄን ተናግሯል፤ ቦንድን ያኮሳተርነው በኦስቲን ፓወርስ የተነሳ ነው ብሏል። በ2006 ሲመጣ ጋጋታው ቀርቷል፣ መሣሪያውም ቀንሷል፣ ሰውዬው ይደማል። የፊልሙ ርዕስ ማን ነበር? «ካሲኖ ሮያል»! ያቺው ያመለጠቻቸው መጽሐፍ። በ1999 ስቱዲዮዎቹ ሲታረቁ አንዱ የስፓይደርማንን ነገር ሲይዝ ሌላው ይቺን ወሰደ።

ስለዚህ አንተ ሬዲዮ ላይ ልስማው ያልከው ሙዚቃ፣ በሬዲዮ ተሰምቶ ቦንድን ራሱን ቀየረው። የበለጠ ምን ማስረጃ ልስጥህ?


ቀዩ ካሴት

ይሄኛው ከባድ ነው። ግን አስተውል፤ ማየርስን የነካው ዘፈኑ ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም። ደግሞ ዶክተር ኢቭል በጣም የሚያስቀው መቼ ነው? 30 ዓመት በረዶ ውስጥ ቆይቶ ሲነቃና አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቅ። ረዳቱ «ጌታዬ፣ ድርጅታችን ራሱ በዓመት ከዚያ በላይ ያተርፋል» ይለዋል። ስብሰባ ነው! የቢሮ ቀልድ ነው! ተመልሰህ እኔ ጋ መጣህ።


ነገረኛው

እነዚህ ሁለቱ ካልተጋቡ በቀር አይታረቁም።


ፓስታ በስጎ

ጣሊያኖቹን ማንም አልጠራቸውምና እኔ ልምጣ። አንድ ምሳሌ ይበቃኛል። በ1967 ሮማ ላይ «ኦኬ ኮነሪ» የሚባል ፊልም ተሠራ። ሾን ኮነሪ ውድ ነው። ግን ወንድም አለው! ኔል ኮነሪ። ኤድንብራ ውስጥ ግድግዳ በመለሰን የሚተዳደር ሰው ነበር። አመጡትና የታዋቂው ሰላይ ወንድም አድርገው አሠሩት። ፊልሙ ውስጥ ስሙ ማን ነው? ዶክተር ኔል ኮነሪ። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው፣ ሰው ያፈዝዛል፣ ከንፈር አይቶ ንግግር ያነባል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ። በቦንድ ፊልሞች የቦንድን አለቃ ኤምን የሚጫወተው በርናርድ ሊ አለበት። የአለቃውን ጸሐፊ መኒፔኒን የምትጫወተው ሎይስ ማክስዌል አለችበት። ከ«ፍሮም ራሺያ ዊዝ ላቭ» ዳንኤላ ቢያንኪ፣ ከ«ተንደርቦል» አዶልፎ ቼሊ አሉበት። ሙዚቃው ላይ ኤኒዮ ሞሪኮኔ እጁ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈለው ዩናይትድ አርቲስትስ ነው፤ የቦንድን ፊልሞች የሚያከፋፍለው ራሱ ድርጅት! ፌዝ ነው ስርቆት ነው? ባለቤቱ እያወቀ የሚሰረቅ ዕቃ ምን ይባላል?

እንግሊዝ ውስጥ ግን እንዲህ አልቀለለም። «ኬሪ ኦን ስፓይንግ» ላይ አንዱን ሰላይ ጄምስ ባይንድ 006½ ሊሉት ነበር። ብሮኮሊ ተቆጣ። ቻርሊ ባይንድ ሆነ፣ ቁጥሩም ተለወጠ። አንዲት ግማሽ ቁጥር እንኳን አላሳለፉም።


አወያይ

ፊልም ማውረጃ ሊንክ መለጠፍ ክልክል ነው። ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ። ውይይቱ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ።


አዲስ ገባ

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ፤ አንዱንም አላየሁም። ከ12 ዓመት ልጄ ጋር ቁጭ ብዬ የማየው የትኛውን ነው? ልጅቷ የሜሪላንድ ልጅ ነች፤ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ትሸሻለች።


ዝምተኛው

«ጌት ስማርት»ን ጀምሩ። ግን ከሁለተኛው ክፍል። የመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ ነው፤ የቀረው በቀለም ነው። የ2008ቱን የስቲቭ ካሬል ፊልም ለኋላ አቆዩት። ማት ሄልምን ከልጅ ጋር አይሞክሩት።


አዛውንቱ ተመልካች

ካኦስ በኩል ያለውን ጀርመናዊ፣ ሲግፍሪድን፣ ልጅቷ ትወደዋለች። የልጅ ልጆቼ ከጀግናው አስበልጠው እሱን ነው የሚጠብቁት። ክፋቱን ሳይሆን ሠራተኞቹን ሲቆጣ ነው የሚያዩት።


ወለላ

አንድ ነገር ልበልና ልተኛ። ትናንት ማታ ሁለተኛውን ፍሊንት፣ «ኢን ላይክ ፍሊንት»ን፣ አየሁት። የ1967ቱን። ልናደድበት ተዘጋጅቼ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሴቶች ተደራጅተው ዓለምን ሊረከቡ ያሴራሉ። ወንዶቹ አበላሽተዋታልና። ዘዴያቸውስ? የውበት ሳሎን ከፍተው፣ ፀጉር ማድረቂያው ስር የተቀመጡትን ደንበኞች በማድረቂያው በኩል አእምሯቸውን ያጥባሉ!

ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ ፊልሙ ፍሊንት መጥቶ «ተዉ እንጂ» ሲላቸው የሚተዉ አድርጎ ስለጨረሰው ተናድጃለሁ። ሁለተኛ፣ የፀጉር ማድረቂያው ዘዴ ከዶክተር ኢቭል ዕቅዶች ሁሉ የተሻለ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዚያ ስር የትም አትሄጂም። ቀዩ፣ ይሄ ደግሞ ቢሮ ነው ልትለኝ ነው?


ቀዩ ካሴት

ቀጠሮ ይያዝበታል፣ ወረፋ አለው፣ ሰዓቱ አይከበርም። ቢሮ ነው።